ቀብዱን ከመክፈልዎ በፊት፦ የክሩዝ ካቢን ቀድሞ ስለመያዝ ማወቅ ያለብዎ

የፈረንጆች አዲስ ዓመት በገባ ማግስት የክሩዝ ኩባንያዎች ማስታወቂያ ኢሜይሉንም ስልኩንም ያጥለቀልቀዋል። ከጃንዋሪ እስከ ማርች ያለውን ይህን ጊዜ የሙያው ሰዎች «ዌቭ ሲዝን» ይሉታል፤ የዓመቱ ትልቁ የሽያጭ ወቅት ነው። «ለሁለተኛው ተጓዥ 60 በመቶ ቅናሽ»፣ «ልጆች በነፃ»፣ «ዛሬ ካልያዙ ያመልጥዎታል» የሚሉ ጽሑፎች ይደረደራሉ። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦቻችንም ለልጆች የሰመር ዕረፍት፣ ለጋብቻ በዓል ወይም ከአገር ቤት ለመጡ ወላጆች ብለው ስለ ጉዞ መነጋገር የሚጀምሩት በዚሁ ጊዜ ነው።

ቀድሞ መያዝ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። የሚያዋጣው ግን ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ የያዙት ክፍል ቶሎ የሚያልቅ ዓይነት ሲሆን፤ ሁለተኛ፣ ሐሳብዎን ቢቀይሩ ወይም ዋጋው ቢወርድ መመለሻ መንገድ ሲኖርዎ፤ ሦስተኛ፣ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ትተው ከኪስዎ የሚወጣውን ጠቅላላ ገንዘብ ሲያሰሉ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ፣ ቅናሽ የተባለው ነገር ገንዘብዎን ለወራት አስይዞ ያስቀምጥብዎታል። ስለዚህ ቀብዱን ከመክፈልዎ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በየተራ ይመልሱ።

1. የሚፈልጉት ክፍል ቶሎ የሚያልቅ ነው?

የመርከብ ካቢኖች በጥቅሉ በአራት ይከፈላሉ፦ መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል፣ ባለ መስኮት፣ ባለ በረንዳ እና ስዊት። ኩባንያዎቹ ሽያጭ የሚከፍቱት ብዙውን ጊዜ መርከቡ ከሚነሳበት ቀን አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ቀደም ብለው ነው። መጀመሪያ የሚያልቁት ቁጥራቸው ጥቂት የሆኑት ናቸው፦ ትልልቅ ስዊቶች፣ አራት ሰው የሚያስተኙ ክፍሎች፣ በመሀል በር የሚገናኙ ክፍሎች፣ ለዊልቸር ተጠቃሚ የተዘጋጁ ክፍሎች እና ለብቸኛ ተጓዥ የተሠሩ ትንንሽ ክፍሎች።

ሁለት ልጅ ላላቸው ወላጆች ይህ ነጥብ ከሁሉ ይበልጣል። አንድ መርከብ የሚጭነውን ሰው ብዛት ከአልጋው ቁጥር በተጨማሪ የነፍስ አድን ጀልባዎቹ አቅም ይወስነዋል። በዚህ ምክንያት ክፍሎች ገና ሳይሸጡ እንኳ በአንድ ክፍል ሦስተኛና አራተኛ ሰው መጨመር የሚቆምበት ጊዜ አለ። ዘግይቶ የመጣ ቤተሰብ ያኔ ሁለት ክፍል መግዛት ግድ ይሆንበታል፤ ያ ደግሞ የትኛውንም ቅናሽ ይበላዋል።

ብቻቸውን የሚጓዙም ቢፈጥኑ ይሻላቸዋል። የክሩዝ ዋጋ የሚተመነው በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ይገባል ተብሎ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሲይዘው ብዙ ጊዜ የሁለቱን ዋጋ ይከፍላል። ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለአንድ ሰው የሚሆኑ ክፍሎችን በመርከቦቹ ላይ ሠርቷል፤ ሌሎችም ተከትለውታል። ነገር ግን ቁጥራቸው አነስተኛ ነው።

በአንጻሩ ሁለት ሆነው፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ በየሳምንቱ ከማያሚ በሚነሳ ግዙፍ መርከብ ለመሄድ ካሰቡ ያን ያህል መቸኮል አያስፈልግም። በ2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ ብቻውን ከ2,800 በላይ ካቢኖች አሉት።

2. ወዴትና መቼ ነው የሚሄዱት?

ቀድሞ የመያዝ ጥቅም በግልጽ ከሚታይባቸው ጉዞዎች አንዱ የአላስካው ነው። ከሲያትል ወደብ የሚነሱት የሰባት ሌሊት ጉዞዎች የሚካሄዱት ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋባቸው ጁን፣ ጁላይና ኦገስት ደግሞ የሁሉም ሰው ምርጫ ናቸው። ከዚህ በላይ ቦታው ራሱ ገደብ አለው። የበረዶ ግግሩ ወደ ባሕር ሲወርድ የሚታይበት ግሌሸር ቤይ ብሔራዊ ፓርክ በቀን የሚያስገባው ሁለት የክሩዝ መርከብ ብቻ ነው። የአላስካ ዋና ከተማ ጁኖ ከ2024 ጀምሮ በቀን የሚመጡትን ትልልቅ መርከቦች በአምስት ወስናለች፤ ከ2026 ጀምሮ ደግሞ በቀን ለ16,000፣ ቅዳሜ ለ12,000 ተጓዥ የሚሆን የአልጋ ጣሪያ ተቀምጧል። ግሌሸር ቤይን ማየት ከፈለጉ የጉዞው መስመር በስም መጥቀሱን ያረጋግጡ፤ «አላስካ» የተባለ ሁሉ እዚያ አይገባም።

ለአላስካ ብዙ ሰው በረንዳ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ተራራውና በረዶው ከክፍል ሆኖ ይታያል። ከሲያትል ተነስቶ ሲያትል በሚመለስ ጉዞ ግን «ግራ ጎን ይሻላል፣ ቀኝ ጎን ይሻላል» ለሚል ወሬ ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉ። መርከቡ ሄዶ ይመለሳል፤ በረዶው ፊት ሲደርስም ዞር ስለሚል ሁለቱም ጎን ያያል።

ወደ ካሪቢያን ከሆነ ነገሩ ይለያል። መርከቡ ብዙ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ይሄዳል። ዋጋ የሚንረው በገና፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት እና በስፕሪንግ ብሬክ ነው፤ እነዚህን ቀናት ከፈለጉ ቀድመው ይያዙ። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ይረክሳሉ፤ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ያለው ጊዜ ግን የአውሎ ነፋስ ወቅት በመሆኑ መርከቡ መንገዱን ሊቀይር ወይም ያሰቡትን ደሴት ሊዘል እንደሚችል አውቀው ይግቡ።

3. ቀብዱ ተመላሽ ነው?

በአንድ ካቢን ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ዋጋ ያገኛሉ። ረከስ ያለው ቀብዱ የማይመለስ ነው፤ ወደድ ያለው ደግሞ ከቀሪው ክፍያ የመጨረሻ ቀን በፊት ቢሰርዙ ገንዘብዎን ሙሉ በሙሉ ይመልሳል። ልዩነቱን በቁጥር ይጻፉት። የሥራ ፈቃድዎ ገና ካልተረጋገጠ፣ የወላጅ ቪዛ ገና ካልወጣ ወይም አብረው ከሚሄዱት ቤተሰቦች አንዱ «እስቲ እናያለን» ካለ፣ ተመላሹን ይምረጡ። የማይመለሰው የሚበጀው ቀኑም ሰዉም ለተቆረጠለት ሰው ነው።

ቀጥሎ የቀሪውን ክፍያ የመጨረሻ ቀን ይጠይቁ። እንደ ኩባንያውና እንደ ጉዞው ርዝመት ይለያያል፤ በብዛት መርከቡ ከመነሳቱ ከ75 እስከ 120 ቀን በፊት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የሚሰርዝ ሰው ቅጣቱ በደረጃ እያደገ ይሄድና መነሻው ሲቃረብ ከከፈለው አንዳች አይመለስለትም። ይህ ቀን በስልክዎ ካላንደር ላይ መግባት ያለበት ዋናው ቀን ነው፤ ከሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የሚያስታውስ ማንቂያም ይጨምሩበት።

4. ዋጋው ቢወርድ ምን ያገኛሉ?

ቀድሞ የያዘ ሰው ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አይጠቀምበትም። በአሜሪካ ገበያ ቀሪው ክፍያ ከመድረሱ በፊት የያዙት ክፍል ዋጋ ከወረደ፣ አብዛኞቹ ኩባንያዎች ደውለው ሲጠይቁ ወደ አዲሱ ዋጋ ያወርዱልዎታል። ራሳቸው ደውለው «ዋጋው ረክሷል» አይሉዎትም። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ያንኑ መርከብ፣ ያንኑ ቀን፣ ያንኑ የክፍል ዓይነት አዲስ እንደሚገዛ ሰው ሆነው ይፈልጉ።

ከመስማማትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይመዝኑ። መጀመሪያ ሲይዙ በመርከቡ ላይ የሚያወጡት ገንዘብ፣ ነፃ ኢንተርኔት ወይም የመጠጥ ፓኬጅ ተሰጥቶዎት ከሆነ፣ ወደ አዲሱ ዋጋ ሲዛወሩ ሊሰረዝ ይችላል። 80 ዶላር አትርፈው የ200 ዶላር ስጦታ ማጣት አያዋጣም። ቀብድዎ የማይመለስ ዓይነት ከሆነም ዋጋ ማስተካከል ይፈቀድ እንደሆነና ቀን መቀየር ስንት እንደሚያስቀጣ አስቀድመው በጽሑፍ ያግኙ።

5. ቅናሹ ሲሰላ ስንት ነው?

«ለሁለተኛው ተጓዥ 60 በመቶ ቅናሽ» የሚለውን እንውሰድ። የአንድ ሰው ዋጋ 1,000 ዶላር ነው እንበል። የመጀመሪያው ሰው 1,000 ይከፍላል፣ ሁለተኛው 400። ድምሩ 1,400 ነው፤ ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 700። ስለዚህ እውነተኛው ቅናሽ 30 በመቶ ነው። ያም ቢሆን መነሻው 1,000 ዶላር ባለፈው ወር 800 ከነበረ ቅናሹ ከዚህም ያነሰ ነው። «ልጆች በነፃ» የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በክፍሉ ውስጥ ሦስተኛና አራተኛ ለሆኑት ብቻ ነው፤ ታክስና የወደብ ክፍያ ለእነሱም ይከፈላል። መቶኛውን ትተው የሁለት ኩባንያዎችን የመጨረሻ ድምር ጎን ለጎን ያስቀምጡ።

በካሊፎርኒያ ሕግ ምክንያት ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በአሜሪካ በሚያወጡት ዋጋ ላይ ታክስና የወደብ ክፍያን አካተው ማሳየት ጀምረዋል። ይህ ለገዢ ጥሩ ነው። ቲፕ ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው። ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ይታሰባል፤ ሕፃናትም ብዙ ጊዜ ይቆጠራሉ። በቀን 18 ዶላር ብንይዝ፣ አራት ሰው ለሰባት ሌሊት 504 ዶላር ነው። በዚህ ላይ ኢንተርኔት፣ ለስላሳና ሌላ መጠጥ፣ በየወደቡ የሚደረግ ጉብኝት፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ከመነሻው በፊት የሚታደርበት ሆቴል እና የወደብ ፓርኪንግ ይደምሩ። በዋጋው ውስጥ ያለው መኝታው፣ የዋናው ምግብ አዳራሽና የቡፌው ምግብ፣ እንዲሁም አብዛኛው መዝናኛ ነው።

6. ሰነድዎ መርከቡ የሚቆምበትን አገር ሁሉ ያሳልፋል?

ይህ ነጥብ ለእኛ ማኅበረሰብ ከዋጋው በፊት የሚመጣ ነው። ከ1886 ጀምሮ ባለው የአሜሪካ ሕግ መሠረት የውጭ አገር ባንዲራ የያዘ መርከብ ተጓዦችን ከአሜሪካ ወደብ ጭኖ በአሜሪካ ወደቦች ብቻ ዞሮ መመለስ አይችልም፤ በመንገዱ ላይ የውጭ አገር ወደብ መንካት አለበት። ትልልቆቹ የክሩዝ መርከቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም የውጭ ባንዲራ ያላቸው ናቸው። ከሲያትል ወደ አላስካ የሚሄደው መርከብ ብዙውን ጊዜ በካናዳዋ ቪክቶሪያ የሚቆመው ለዚህ ነው። በሌላ አነጋገር፣ አላስካ የአሜሪካ ግዛት ብትሆንም ጉዞው አሜሪካን ለቆ መውጣት ነው።

የአሜሪካ ዜጋ ከሆኑ፣ ከተነሳበት ወደብ በሚመለስ ጉዞ የልደት ወይም የዜግነት ምስክር ወረቀት ከመታወቂያ ጋር ሊበቃ ይችላል። ሆኖም መርከቡ ጥሎዎት ቢሄድ ከውጭ አገር በአውሮፕላን ለመመለስ ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ይያዙ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ወደ ካናዳ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም፤ ያልተቃጠለ የአገሩን ፓስፖርት ከግሪን ካርዱ ጋር ማሳየት ግን አለበት። የኢትዮጵያ ፓስፖርትዎ ካለፈበት እድሳቱን ከቀብዱ ያስቀድሙ።

ወላጆችዎ በጉብኝት ቪዛ መጥተው ከሆነ ቪዛቸው ላይ ስንት ጊዜ መግባት እንደሚፈቅድ ያንብቡ። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ በክሩዝ ወጥተው ሲመለሱ ትልቅ ችግር ላይ ሊወድቁ ይችላሉ፤ ለካናዳም የራሱ ቪዛ ያሻቸዋል። የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና ያልተወሰነላቸው ሰዎች ደግሞ ጠበቃቸውን ሳያማክሩ ምንም ዓይነት ቀብድ አይክፈሉ፤ ያለ ቅድመ ፈቃድ ከአገር መውጣት ጉዳያቸውን ሊያበላሽ ይችላል። ወደ ሜዲትራኒያን ለመሄድ ያሰበ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ የሸንገን ቪዛ ይፈልጋል፤ መርከቡ ከግሪክ ወደ ቱርክ ወጥቶ ወደ ግሪክ የሚመለስ ከሆነ ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት።

7. ስሙ በትክክል ተጽፏል?

የምዝገባው ቅጽ የሚጠይቀው ስምና የቤተሰብ ስም ነው። የእኛ ፓስፖርት ላይ ያለው ግን የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው፤ ባልና ሚስት የተለያየ የቤተሰብ ስም አላቸው፣ ልጅም ከእናቱ ጋር በስም አይገናኝም። ፓስፖርቱን ፊትዎ ዘርግተው፣ ከግርጌ ባሉት ሁለት መስመሮች ላይ ያለውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ይገልብጡ። በቤት የሚጠሩበትን ወይም ለፌስቡክ ያሳጠሩትን ስም አይጠቀሙ። የፊደል ስህተት ቀድመው ከነገሩ በቀላሉ ይታረማል፤ በተጓዡ ቦታ ሌላ ሰው መተካት ግን እንደ ስረዛ ሊታይ ይችላል።

እናት ብቻዋን ልጆቿን ይዛ ስትሄድ የልደት ምስክር ወረቀታቸውን፣ እንዲሁም ከአባት በኩል በኖተሪ የተረጋገጠ የፈቃድ ደብዳቤ ብትይዝ ጥያቄ ቢነሳ መልሷ በእጇ ነው። አባት ብቻውን ሲሄድም እንዲሁ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ጨቅላ ሕፃን ካለዎት ዕድሜውን አስልተው ይጠይቁ፤ በአብዛኞቹ መርከቦች የ24 ሳምንት ነፍሰ ጡር አትሳፈርም፣ ሕፃንም ቢያንስ ስድስት ወር ሊሞላው ይገባል።

8. ክፍሉ የት ነው?

ቀድሞ የመያዝ አንዱ ትርፍ ቦታ መምረጥ ነው፤ ይጠቀሙበት። የመርከቡን የፎቅ ፕላን ይክፈቱና ከክፍሉ በላይና በታች ምን እንዳለ ይዩ። ከላይ መዋኛ ገንዳ ካለ ንጋት ላይ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፤ ከታች የሙዚቃ አዳራሽ ካለ እስከ እኩለ ሌሊት ይደልቃል። በላይም በታችም የመኝታ ክፍል ያለበት ፎቅ ይመረጣል። ባሕር የሚያስመልሳቸው ሰዎች ከመርከቡ መሀል፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ይያዙላቸው፤ መናወጡ እዚያ ይቀንሳል። እርጅና ወይም የጉልበት ሕመም ላለባቸው ወላጆች ለሊፍት ቀረብ ያለ ክፍል ይፈልጉ።

ከሁሉም የረከሰው ዋጋ «ጋራንቲ» የሚባለው ሊሆን ይችላል። በዚህ የክፍሉን ዓይነት ይገዛሉ፣ ቁጥሩን ኩባንያው ራሱ ይመድባል። ለሁለት ጎልማሶች ጥሩ ነው። ሁለት ክፍል ይዘው ጎን ለጎን መሆን ለሚፈልጉ ቤተሰቦች ግን አይሆንም፤ አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ ሊመደብ ይችላል።

9. የጾም ወይም የሃይማኖት ቀን ይገጥማል?

ፍልሰታ በኦገስት 7 ይገባና እስከ 21 ይዘልቃል፤ የአላስካ ጉዞ የሚሞቅበት ጊዜ ነው። ስፕሪንግ ብሬክም በዐቢይ ጾም ውስጥ መውደቁ የተለመደ ነው። መርከብ ላይ ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ ምግብ ይገኛል፤ ነገር ግን ቅቤና እንቁላል በማይታሰብ ቦታ ይገባሉ። ሲመዘገቡ በምግብ ፍላጎት ሣጥኑ ላይ ይጻፉት፤ ከተሳፈሩ በኋላም በመጀመሪያው ምሽት ለአስተናጋጁ ይንገሩ። ሐላል የሚመገቡ ቤተሰቦች ደግሞ ብዙ ኩባንያዎች ከሳምንታት በፊት ማሳወቅን ስለሚጠይቁ አይዘግዩ።

10. ከማን ነው የሚገዙት?

የጉዞ ወኪል ኮሚሽኑን የሚያገኘው ከክሩዝ ኩባንያው ስለሆነ በወኪል መግዛት ብዙ ጊዜ አያስወድድም፤ ደህና ወኪል እንዲያውም ተጨማሪ ስጦታ ያመጣል፣ የዋጋ ለውጥም ይከታተልልዎታል። በወኪል ሲይዙ ግን ለውጡም ስረዛውም በእሱ በኩል እንደሚያልፍ ይወቁ፤ የራሱ የስረዛ ክፍያ እንዳለው ይጠይቁ። ዘመድ አዝማድ ወይም የማኅበር አባላት ሆነው ስምንት ያህል ክፍል ከያዙ በብዙ ኩባንያዎች እንደ ቡድን ይቆጠራሉ፤ ዋጋው ሳይጨምር ክፍሎቹን ለጊዜው ማስያዝና ተጨማሪ ጥቅም ማግኘት ይቻላል።

ገንዘቡን በክሬዲት ካርድ ይክፈሉ። በዜል ወይም በጥሬ ገንዘብ ለግለሰብ ላኩ ከተባሉ ይቅርብዎ። ከከፈሉ በኋላ የቡኪንግ ቁጥርዎን በራሱ በክሩዝ ኩባንያው ገጽ ላይ አስገብተው ስምዎ መውጣቱን በዚያው ቀን ያረጋግጡ።

11. ኢንሹራንሱ ምን ይሸፍናል?

ሜዲኬር ከአሜሪካ ወደብ ከስድስት ሰዓት በላይ በራቀ መርከብ ላይ በአጠቃላይ አይከፍልም፤ ሌላውም የጤና ዋስትና ገደብ ሊኖረው ይችላል። የመርከብ ሐኪም ደግሞ በነፃ አያክምም። ስለዚህ ሕክምናንና ድንገተኛ ማጓጓዣን የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ለአዛውንቶች ግድ ነው። በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ የሚያስችለው ዓይነት ከወጪዎ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 75 በመቶ ይመልሳል፤ የሚሸጠው ግን የመጀመሪያውን ቀብድ ከከፈሉ በኋላ ባሉት ከ10 እስከ 21 ቀናት ውስጥ ነው። ኩባንያው ራሱ ከአሜሪካ ወደብ የሚነሳውን ጉዞ ከሰረዘ ወይም ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ካዘገየ፣ በፌዴራል ማሪታይም ኮሚሽን ደንብ መሠረት ገንዘብዎ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት አለዎት።

መጠበቅ የሚያዋጣው ማንን ነው?

የቀሪው ክፍያ ቀን ካለፈ በኋላ የተሰረዙ ክፍሎች ወደ ገበያ ይመለሳሉ፤ ያኔ ዋጋ የሚወርድበት ጊዜ አለ። ይህ የሚጠቅመው ለሁለት ሰው፣ የትኛውም ክፍል ለሚበቃው፣ የቪዛ ጣጣ ለሌለበት እና በመኪና ወደብ መድረስ ለሚችል ሰው ነው፦ ሂዩስተን ሆኖ ከጋልቬስተን፣ ዲሲ ሆኖ ከባልቲሞር ለሚነሳ። በመጨረሻ ሰዓት የአውሮፕላን ትኬት ለአራት ሰው የሚገዛ ቤተሰብ በካቢኑ ያተረፈውን በትኬቱ ያጣዋል።

ከመክፈልዎ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፦
• የክፍሉ ዓይነትና ፎቅ
• ቀብዱ ይመለሳል ወይስ አይመለስም
• የቀሪ ክፍያ ቀን
• ቲፕና ትኬት ጨምሮ ጠቅላላ ድምር
• የእያንዳንዱ ተጓዥ ፓስፖርትና ቪዛ የሚያበቃበት ቀን

አምስቱም መስመር ከተሞላ ሳያመነቱ ይያዙ፤ በተለይ ልጆች ይዘው በሰመር ወደ አላስካ ከሆነ መዘግየት አያስፈልግም። አንዱ መስመር ባዶ ከሆነ ግን እሱን ሳይሞሉ ካርድዎን አያውጡ። የዛሬው ማስታወቂያ ሲያበቃ ሌላ ስም ያለው ይተካዋል፤ ሳይጠየቅ የቀረ የቪዛ ጥያቄ ወይም ሳይነበብ የተፈረመ የስረዛ ደንብ ግን ቤተሰብ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ገንዘብ ያስቀራል።